ዲፕ ፍሪዘርን የድራፍትና የጠላ መቅጃ ማድረግ፦ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እኛ ቤት ጠላ ይጠመቃል። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለማኅበር። ባለቤቴ ከእናቷ የወረሰችው ሙያ ነው። እኔ ደግሞ ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ቢራ መጥመቅ ለመድኩ። የሁለታችንም ችግር አንድ ነበር፤ ማቆያ። ጠላ አንዴ ከጠለለና አየር ካገኘው ቶሎ ይኮመጥጣል። እንግዳ ሳይጨርሰው ከቀረ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ወደ ሆምጣጤ መሄድ ይጀምራል።

በጠርሙስ ማሸግንም ሞክረን ነበር። ግን እርሾው አልሞተም። ጠርሙስ ውስጥም ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል፤ ጋዙ መውጫ ያጣል። አንድ ሌሊት ቤዝመንት ውስጥ አንዱ ፈነዳ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላው ተከተለ። ጠዋት ስንወርድ ስብርባሪው እስከ ልጆቹ ብስክሌት ድረስ ተበትኖ አገኘነው። ማንም እዚያ አለመኖሩ እግዚአብሔር ይመስገን ነው። እባካችሁ፣ መፍላቱን ያልጨረሰ ጠላ ወይም ጠጅ በጠርሙስ አጥብቃችሁ አትክደኑ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኬግ የዞርነው። ድራፍት የሚቀዳበት የብረት በርሜል ማለት ነው። ለቤት የሚሆነው ኮርኒ የሚባለው ቀጭኑ ዓይነት ነው። ድሮ የለስላሳ ኩባንያዎች ሽሮፕ ያጓጉዙበት ነበር። 5 ጋሎን ይይዛል፤ 19 ሊትር ገደማ። ግፊት ይችላል፣ አየር አያስገባም፣ ክዳኑ ላይ ትርፍ ግፊት የሚያስወጣ ቫልቭ አለው። ጠላ ውስጡ ገብቶ በጋዝ ሲታፈንና ሲቀዘቅዝ ለሳምንታት ይቆያል። መኮምጠጡ ጨርሶ አይቆምም፤ ግን በጣም ይዘገያል።

ስለ ሕጉ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸውና በአጭሩ ልበል። አሜሪካ ውስጥ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅን በፌዴራል ደረጃ የፈቀደው ሕግ በ1978 በፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ተፈርሟል። አንድ አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል። ወይን ላይም ልኩ ይኸው ነው። መሸጥ ግን አይቻልም። ጎረቤት «በሒሳብ ስጡን» ቢላችሁ እንኳ እንዳትሞክሩት። የየስቴቱንም ሕግ አጣሩ። አረቄ ማውጣት ደግሞ ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው።

አሁን ወደ ፍሪዘሩ። ለምን እንደ ቤት ፍሪጅ የቆመውን አልመረጥንም? ክዳኑ ከላይ የሚከፈተው ፍሪዘር ሲከፈት ቅዝቃዜው አይፈስም፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ታች ይቀራል። ቦታውም ሰፊ ነው። ያገለገለውን ደግሞ በርካሽ ታገኛላችሁ፤ ቤት የሚቀይር ሰው መሸከም አይፈልግም።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ከመምጣታችሁ ከጥቂት ሰዓት በፊት ሶኬት ላይ እንዲሰካው ጠይቁ። ስትደርሱ ግድግዳው ላይ በረዶ መያዝ መጀመር አለበት። ሽታውንም አሽትቱ። ሥጋ በስብሶበት የነበረ ፍሪዘር ሽታው ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባል። በቤኪንግ ሶዳ አጥባችሁ፣ ፀሐይ ላይ ከፍታችሁ፣ ቡና አስቀምጣችሁ እንኳ ላይለቅ ይችላል። ርካሽ ነው ብላችሁ እንዲህ ያለውን አትውሰዱ።

ልኩ ላይ አትቸኩሉ። ኮርኒ ኬግ ወደ 9 ኢንች ስፋትና 25 ኢንች ቁመት አለው፤ አጠር ብሎ ወፈር ያለም አለ። እኔ ከካርቶን የ9 ኢንች ክቦች ቆርጬ ይዤ ሄድኩ። ፍሪዘሩ ታች አነጠፍኳቸውና ስንት እንደሚይዝ እዚያው አየሁ። ከሞተሩ በላይ ያለችውን ደረጃ አትርሱ። እሷ ላይ ሙሉ ኬግ ለማቆም ቁመቱ አይበቃም፤ የጋዝ ሲሊንደር ግን ይቆማል። 7 ኪዩቢክ ጫማ የሚባለው ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ ሦስት ኬግ በምቾት ይይዛል። ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል።

ቀጥሎ ያለውን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ደስ ይለኛል። የፍሪዘሩን ጎን አትብሱ። ወዳጄ ቧንቧ ለማስገባት ቀጥታ ጎኑን በድሪል በሳው። ፉጨት ሰማ፣ ዘይት የመሰለ ነገር ተረጨ፣ ፍሪዘሩም በዚያው አበቃለት። የእነዚህ ፍሪዘሮች ማቀዝቀዣ ቱቦ ከጀርባ አይታይም፤ በግድግዳው ውስጥ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ነው የሚሄደው። ጎኑን በእጃችሁ ስትነኩት የሚሞቃችሁ ለዚህ ነው። አዳዲሶቹ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ጋዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሶቡቴን ነው፤ በእሳት የሚቀጣጠል። ወዳጄ ያጣው ፍሪዘር ብቻ መሆኑ ዕድለኛ ያሰኘዋል። ጎኑ እንዲተነፍስም ከግድግዳ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። ለውበት ብላችሁ በጣውላ አትሸፍኑት።

ታዲያ ቧንቧው በየት ይውጣ? በኮሌታው። ክዳኑን ትፈታላችሁ፤ በክዳኑና በፍሪዘሩ አፍ መካከል አራት ማዕዘን የእንጨት ፍሬም ትጨምራላችሁ። ቀዳዳው ሁሉ እንጨቱ ላይ ይሆናል። ፍሪዘሩ አይነካም፤ ከፍታም ታገኛላችሁ። እኔ 2 በ8 የሚባለውን ጣውላ ተጠቀምኩ። ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ እውነተኛ ልኩ 1.5 በ7.25 ኢንች ነው። ሒሳባችሁን በዚህ ሥሩ። ጣውላ ስትመርጡ ሱቁ ውስጥ መሬት ላይ አስተኝታችሁ እዩት። የተጣመመ ከሆነ ክዳኑ አይገጥምም፤ ክዳኑ ካልገጠመ ቀዝቃዛው ያመልጣል፣ እርጥበት ይገባል። ማዕዘኑን በስኳድራ፣ አግድሙን በውሃ ልክ አረጋግጡ። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። ከዚያ ውስጡንም ውጭውንም ውሃ የማያስገባ ቫርኒሽ ደራርባችሁ ቀቡት። የውስጡን ቀለም የሚያይ ስለሌለ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሻጋታ የሚጀምረው ግን ከዚያ ነው። ከውስጥ በኩል የፎም ሰሌዳ ለጥፉበት፤ እንጨት ብቻውን ሙቀት በደንብ አያግድም።

ኮሌታውን ከፍሪዘሩ ጋር ያያያዝኩት በሲሊኮን ብቻ ነው፤ ብሎን አልነካውም። ይህ በኋላ ጠቀመኝ። ምክንያቱም መጀመሪያ ኮሌታውን ከፍሪዘሩ አካል ጋር ነበር ያጣበቅኩት። ሲያዩት ያምራል። ግን የፍሪዘሩ አፍ በ7 ኢንች ከፍ አለ። የሞላ ኬግ 50 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ ወደ 23 ኪሎ። እሱን ደረት ድረስ አንስቶ፣ ክንድ ዘርግቶ፣ ቀስ ብሎ ታች ማውረድ ማለት ነው። ወገቤን ያዘኝ። ቀና ማለት አቅቶኝ ሰነበትኩ፤ ባለቤቴም «ወይ እሱ ከዚህ ቤት ይወጣል፣ ወይ አንተ ማንሳት ታቆማለህ» አለች። ሲሊኮኑን በምላጭ ቆርጬ ኮሌታውን ከክዳኑ ጋር አያያዝኩት። አሁን ክዳኑ ሲነሳ ኮሌታውም ቧንቧውም አብሮ ይነሳል፤ ኬጉ የሚገባው በድሮው አፍ ነው። ጉዳቱ ክዳኑ ይከብዳል። ማጠፊያዎቹን ወደ ኮሌታው ጀርባ አውርጄ በወፍራም ብሎን አሰርኳቸው፤ ክዳኑ ወደ ኋላ እንዳይወድቅም ሰንሰለት አደረግኩለት። ቱቦዎቹንም እንዳይወጠሩ ረዘም አድርጌ ተውኳቸው። ወገባችሁ ጠንካራ ነው ብላችሁ ብታስቡም ይህንን መንገድ እመክራለሁ። ኬግ የምታነሱት በሠላሳ ዓመታችሁ ብቻ አይደለም።

ሙቀቱን መቆጣጠር ቀላሉ ክፍል ነው። ፍሪዘር በራሱ ከተተወ ቢራውን ድንጋይ ያደርገዋል። ስለዚህ በግድግዳው ሶኬትና በፍሪዘሩ መካከል የሙቀት መቆጣጠሪያ ትገባለች። የመለኪያ ገመዷ ውስጥ ይገባል። 38 ፋራናይት ላይ ታደርጓታላችሁ፤ 3 ሴልሺየስ ከፍ ያለ ነው። ሲሞቅ ፍሪዘሩን ታበራለች፣ ሲቀዘቅዝ ታጠፋለች። ሞተሩ ቶሎ ቶሎ እየበራ እንዳይቃጠል የማዘግያ ደቂቃውን ከፍ አድርጉት። መለኪያውን ግን በአየር ላይ አንጠልጥላችሁ አትተዉት። ክዳን በተከፈተ ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ ሞተሩም በከንቱ ይነሳል። ውሃ በሞላ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት፣ ወይም ኬጉ ላይ ለጥፋችሁ በፎም ሸፍኑት።

አለጣጠፉም ይጠንክር። የእኛ መለኪያ አንድ ጊዜ ፕላስተሩ በእርጥበት ለቆ በክዳኑ ጠርዝ በኩል ወደ ውጭ ወጣ። መቆጣጠሪያዋ የምትለካው የቤዝመንቱን ሙቀት ሆነ። ፍሪዘሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ቢራ ከዜሮ በታች 2 ሴልሺየስ ገደማ ላይ መቀዝቀዝ አልፎ መርጋት ይጀምራል። ጠዋት ቧንቧውን ስከፍት ጠብ የሚል የለም። ኬጉን ስናወጣው ውስጡ በረዶ ሆኗል። ቀስ ብሎ እስኪቀልጥ ጠበቅነው፤ ጣዕሙ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ገመዱን በፕላስቲክ ማሰሪያ ነው የማስረው።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድታነቡልኝ ወደምፈልገው ልምጣ። ጋዙ።

ቢራውን የሚገፋውም፣ ጋዝ ያለው እንዲሆን የሚያደርገውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በሲሊንደር ይሸጣል። ለቤት የተለመደው 5 ፓውንድ የሚይዘው ነው። እኔ ቦታ ለመቆጠብ ሲሊንደሩን ፍሪዘሩ ውስጥ፣ ሞተሩ ደረጃ ላይ አቆምኩት። ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚያደርገው። አንድ የማኅበር ዋዜማ ጠላውን ላያይዝ ክዳኑን ከፈትኩ። የኬጉ መግጠሚያ ታች ስለነበረ ጎንበስ ብዬ ራሴን አስገባሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተነፈስኩት። አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ፤ ልክ ለስላሳ ስትጠጡ ስቃችሁ በአፍንጫ እንደሚወጣው፣ ግን እጅግ የባሰ። ዓይኔ አነባ። ሁለተኛ ስተነፍስ ደረቴ አየር አጣ፣ ራሴ ዞረ። ባለቤቴ ከኋላዬ ሸሚዜን ጎትታ አወጣችኝ። የቤዝመንቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ልቤ እስኪረጋ ብዙ ቆየሁ።

የሆነው ይህ ነው። በሲሊንደሩና በሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት በሚቆጣጠረው ዕቃ) መካከል ያለችው ትንሽ የናይለን ጎሚኒ በደንብ አልተቀመጠችም። ጋዙ ቀስ እያለ ሲያፈስ ከርሟል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል። ሽታ የለውም። ክዳኑ የተዘጋ፣ አፉ ወደ ላይ የሆነ ሳጥን ውስጥ ሲፈስ መውጫ የለውም፤ ከታች ጀምሮ ይሞላል። 5 ፓውንድ ጋዝ ሲለቀቅ ከ1,200 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። የእኛ ፍሪዘር ውስጡ 200 ሊትር ገደማ ነው። ሒሳቡን ስሠራው ነው የደነገጥኩት። አየር ውስጥ የዚህ ጋዝ መጠን 4 በመቶ ሲደርስ ለሕይወት አደገኛ ከሚባሉት ይመደባል፤ 10 በመቶ ሲሆን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል። ብቻዬን ብሆን ኖሮ የሚለውን ሐሳብ አሁንም አልወደውም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ሲሊንደሩን ከፍሪዘሩ ውጭ አቁሙት፤ እንዳይወድቅ ከግድግዳ ጋር እሰሩት፤ ቱቦውን በኮሌታው በኩል አስገቡት። ክዳኑን ስትከፍቱ ወዲያው አትጎንበሱ። ትንሽ ቆዩ፤ በካርቶን አራግቡ። ራሳችሁን ወደ ታች ማስገባት ካለባችሁ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ግቡና ውጡ። ልጆች ሳጥኑ ውስጥ እንዳይንጠለጠሉ ቁልፍ አድርጉለት። ቤዝመንታችሁ ጠባብ ከሆነ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግዙ። ልብ በሉ፣ ብዙዎቻችን ቤት ኮሪደር ላይ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። እሱ ይህንን ጋዝ ጨርሶ አያውቀውም። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው «አለኝ» ብሎ ይተኛል።

ማፍሰሱን እንዴት ታውቃላችሁ? በሬጉሌተሩ ላይ ያለውን የሲሊንደር ግፊት የሚያሳየውን መርፌ አትመኑ። ሲሊንደሩ ውስጥ ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀመጥ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ መርፌው ያው ነው። ከዚያ በአንዴ ይወድቃል። የሚያስተማምነው ሚዛን ነው። የሲሊንደሩ ባዶ ክብደት ራሱ ላይ ተመትቷል። ለመፈተሽ ደግሞ ሁሉንም አያይዛችሁ ግፊት ስጡት፤ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ፤ መርፌው ያለበትን በፓርከር ምልክት አድርጉና እደሩ። ጠዋት ወርዶ ካገኛችሁት እያፈሰሰ ነው። የሳሙና ውሃ በየመጋጠሚያው ርጩ፤ አረፋ የሚሠራው እሱ ነው። የኬጉ ክዳን ካፈሰሰ ጎሚኒውን ለምግብ በሚሆን ቅባት ቀቡት፤ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ስጡትና ክዳኑ ሲቀመጥ መልሳችሁ አውርዱ። ያገለገለ ኬግ ከገዛችሁ ጎሚኒዎቹን በሙሉ ቀይሩ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ አሮጌው ደግሞ የኮላ ሽታ ይዟል። ሲሊንደሩም በየ5 ዓመቱ መፈተሽ አለበት። ቀኑ አንገቱ ላይ ተቀርጿል። ያለፈበት ከሆነ አይሞሉላችሁም።

ጋዙ ከተስተካከለ በኋላ የመጣብን አረፋ ነው። ቧንቧው ሲከፈት ብርጭቆው ነጭ በነጭ። እንግዳ ቆሞ ይጠብቃል፤ አረፋው አይወርድም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግፊቱን ይቀንሳል። ለጊዜው የተሻለ ይመስላል። ግን በቀናት ውስጥ ቢራው ጋዙን ያጣና ውሃ ውሃ ይላል።

መጀመሪያ አረፋው መቼ እንደሚመጣ እዩ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ አረፋ ሆኖ ሁለተኛው ጥሩ ከሆነ ቧንቧው ሞቋል ማለት ነው። ቅዝቃዜው ታች ይተኛል፤ ኮሌታው አካባቢ ያለው አየር ግን ሙቅ ነው። እዚያ ያለው ቱቦ ውስጥ የተቀመጠው ቢራ ይሞቅና ጋዙን ይለቃል። መድኃኒቱ ትንሽ የኮምፒውተር ፋን ናት። ታች አስቀምጣችሁ ቀዝቃዛውን ወደ ኮሌታው እንድትነፋ አድርጓት። ለውጡን በማግስቱ አየነው። ሁሉም ብርጭቆ አረፋ ከሆነ ግን ወይ ቱቦው አጭር ነው፣ ወይ ጋዙ በዝቷል። ውስጡ 5 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ በ12 ፒኤስአይ 10 ጫማ ያህል ርዝመት ይፈልጋል፤ 3 ሜትር። ቱቦው ሲረዝም ግፊቱን ቀስ አድርጎ ይጨርሰዋል፤ ቢራውም ተረጋግቶ ይወጣል። ረጅሙን ግዙ። መቁረጥ ይቻላል፤ መቀጠል ግን አይመከርም።

ጋዝ በማስገባት አትቸኩሉ። በ38 ፋራናይት 12 ፒኤስአይ ላይ ትታችሁ አንድ ሁለት ሳምንት ብትታገሡ ልኩን ያገኛል። በ30 ፒኤስአይ እየናጡ በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚሞክሩ አሉ። ለበዓል ሲደርስ የሚያጓጓ ነው። ያለፈውን ጋዝ መልሶ ማውጣት ግን ቀን ከሌሊት ቫልቭ እየሳቡ መዋል ነው። ስትቀዱ ደግሞ ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። ግማሽ የከፈተ ሰው አረፋ ይቀዳል።

እርጥበቱን በአጭሩ ልለፈው። ፍሪዘር በረዶ የሚያደርገው ውሃ እዚህ ጠል ሆኖ ታች ይጠራቀማል። ውስጡ ካርቶን አታስቀምጡ። እርጥበት የሚመጥ፣ ሶኬት ላይ እየተሰካ የሚደርቅ ዓይነት ዕቃ አለ፤ እሱን አስገቡ። ታች ፎጣ አንጥፉና ስትከፍቱ ቀይሩት። ሻጋታ ካያችሁ በሆምጣጤ ወይም በተበረዘ በረኪና ጥረጉ፤ ሁለቱን ግን አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ጠላው የራሱ ጣጣ አለው። የኮርኒ ኬግ መሳቢያ ቀጭን ብረት ሆና ታች ድረስ ትወርዳለች። ታች ያለው አተላ ነው። አንዲት የጌሾ ቅንጣት ቫልቩ ላይ ከተቀመጠች እንግዳ ፊት ቧንቧው ጸጥ ይላል። እኛ አሁን ጠላውን በጨርቅ ካጠለልን በኋላ ሌላ ዕቃ ውስጥ ቀዝቅዞ እንዲያድር እናደርጋለን። አተላው ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለውን ጥሩውን ብቻ ወደ ኬግ እናዞራለን። ረጅሟን መሳቢያም አውጥተን ተንሳፋፊ የሚባለውን የሲሊኮን መሳቢያ አስገብተናል። እሱ ከላይ ነው የሚስበው። ጉሹ ታች ይቀራል። ኬጉ ጠላ ከመቀበሉ በፊት ጋዝ ሞልታችሁ አየሩን በቫልቩ ደጋግማችሁ አስወጡ፤ ዋናው የማቆየቱ ምስጢር ይኸው ነው። ጠጅ ግን ብዙ ጋዝ አይወድም። ለመግፋት ያህል ትንሽ ስጡት፤ ከቻላችሁ የራሱ ሬጉሌተር ይኑረው።

የጠላ ቱቦ፣ ቧንቧና ጎሚኒ ለብቻው ይሁን። ጠላን የሚያኮመጥጡት ሕዋሳት ፕላስቲክ ውስጥ ይደበቃሉ፤ በዚያው ቱቦ ንጹሕ ቢራ ብታሳልፉ እሱም ይኮመጥጣል። በቀይ ስኮች ምልክት አድርጉባቸው። ቱቦዎቹን በየሁለት ሳምንቱ በቱቦ ማጠቢያ እጠቡ። ኬጉ ሲያልቅ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትሉ ያኔውኑ ክፈቱት፤ የደረቀ አተላ ጣጣው ብዙ ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ግን ግፊቱን በቫልቩ አውጡ። ግፊት ያለበት ክዳን ፊት ይመታል።

የባለቤቴ እናት ከደብረ ማርቆስ ለጥየቃ ሲመጡ የጠላው ቧንቧ ፊት ወንበር አደረግንላቸው። ብርጭቆውን በብርሃን አዩት፤ ቀመሱት፤ ዝም አሉ። ቆይተው «ልጄ፣ ቀለሙ ጥሩ ነው። ቅዝቃዜውም ይሁን። ግን ጋኑ አልታጠነም» አሉ። እውነታቸውን ነው። አገር ቤት ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ የጠላ ግማሽ ጣዕሙ እሱ ነው። ብረት ውስጥ ይህ የለም። «እዚሁ እናጥነዋ!» ብዬ ኬጉን ላመጣ ስል «እሱን ተወው፤ ጎማ ጎማ ይላል» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ጎሚኒዎቹ ጭሱን ይይዛሉ፤ ለቀጣዩ ቢራም ያስተላልፋሉ። የሚታጠነው ድፍድፉ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። ወይራ ከሐበሻ ሱቅ ገዝተን፣ ጓሮ ፍም ላይ አድርገን፣ ትልቁን ድስት ደፋንበት። ከቤቱ ራቅ በሉ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጎረቤት ይጠራል። ድስቱ ጭሱን ጠጥቶ ሲሞቅ ወዲያው ከድኑት፤ እስኪቀዘቅዝም አትክፈቱት። ድፍድፉ እዚያ ይጠነሰሳል፤ ሲደርስ ይጠልላል፤ ወደ ኬግ ይሄዳል። የዘንድሮው የፋሲካ ጠላ እንዲህ ነው የተሠራው። እማማም ሁለተኛ ብርጭቆ ጠይቀዋል።